ዱሻን ዶሞቪች ቡሉት፦ ስለ ሰርቢያዊው የሦስት ለሦስት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዱሻን ዶሞቪች ቡሉት ማን ነው?

በሰርቢያ በስፋቷ ሁለተኛ በሆነችው ከተማ በኖቪ ሳድ፣ በ1985 የተወለደ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነው። ስሙ የገነነው ግን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን በለመድነው በአምስት ለአምስቱ ጨዋታ ሳይሆን፣ በግማሽ ሜዳና በአንድ ቅርጫት በሚካሄደው ሦስት ለሦስት ነው። ከሰርቢያ ብሔራዊ ቡድን ጋር አራት ጊዜ የዓለም ዋንጫን አንሥቷል፤ ከክለቡ ከኖቪ ሳድ ጋር ደግሞ የከተማ ቡድኖች የሚወዳደሩበትን የዓለም ቱርን አራት ጊዜ አሸንፏል፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክም የነሐስ ሜዳሊያ አጥልቋል። ደጋፊዎቹ ስሙን «ጥይት የማይበሳው» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል (ቡሌትፕሩፍ) ጋር አዛምደው «ሚስተር ቡሉትፕሩፍ» እያሉ ይጠሩታል። ይህ ስፖርት የራሱን ኮከቦች ማፍራት በጀመረባቸው ዓመታት ውስጥ ከእሱ የበለጠ ፊቱ የታወቀ ተጫዋች አልነበረም ማለት ማጋነን አይሆንም።

ሦስት ለሦስት ከተለመደው ቅርጫት ኳስ በምን ይለያል?

ስለ ቡሉት የሚነገረውን ሁሉ በቅጡ ለመረዳት ደንቡን ማወቅ የግድ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጎ ማስረዳት ይገባል።

ሜዳው 15 ሜትር ስፋትና 11 ሜትር ርዝመት አለው። እያንዳንዱ ቡድን አራት ተጫዋቾችን ይዞ ይቀርባል፤ ሦስቱ ይጫወታሉ፣ አንዱ ተቀያሪ ነው። ጨዋታው 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከዚያ በፊት 21 ነጥብ የሞላ ቡድን ካለ ግን ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ኳስ የያዘው ቡድን በ12 ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት፤ በአምስት ለአምስት የሚፈቀደው ጊዜ 24 ሰከንድ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ ተጫዋቾቹ ለማሰብ ያላቸው ጊዜ በግማሽ ተቆርጧል ማለት ነው። ነጥብ ሲቆጠርም ጨዋታው አይቆምም፤ የተቆጠረበት ቡድን ኳሱን ከቅርጫቱ ሥር አንሥቶ፣ እያነጠረ ወይም እያቀበለ ከቅስቱ፣ ማለትም በቅርጫቱ ዙሪያ ከተሰመረው የሩቅ ውርወራ መስመር፣ ውጭ ካወጣ በኋላ ወዲያውኑ ማጥቃት ይጀምራል። አሠልጣኝ በጨዋታው ጊዜ ከሜዳው ዳር ቆሞ መመሪያ መስጠት አይፈቀድለትም፤ ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ፣ የዕረፍት ጊዜ መቼ ይጠየቅ የሚለውን የሚወስኑት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው።

ከሁሉም በላይ የጨዋታውን መልክ የሚቀይረው ግን የነጥብ አሰጣጡ ነው። ከቅስቱ ውስጥ የገባ ኳስ 1 ነጥብ፣ ከቅስቱ ውጭ የገባ 2 ነጥብ ያስገኛል። በአምስት ለአምስት ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ሦስት፣ ከቅርብ የተወረወረ ሁለት ነጥብ ስለሚያስገኝ ልዩነቱ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ሙሉ እጥፍ ነው። በመሆኑም ከሩቅ የማይስት ተጫዋች ያለው ቡድን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨዋታውን ሊገለብጥ ይችላል፤ ተከላካዩም ከቅስቱ ውጭ የቆመውን ሰው ለቅጽበት እንኳ ሊለቀው አይችልም። ተከላካዩ ተጠግቶ ሲቆም ደግሞ ከኋላው ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ በኳስ አያያዝ ለተካነ ተጫዋች ክፍት ይሆናል። ቡሉት ሁለቱንም የሚችል ተጫዋች ነበር፤ የአደገኛነቱ ምሥጢርም ከዚሁ ይመነጫል።

ኳሱም የተለየ ነው፤ ስፋቱ የሴቶች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱበትን የ6 ቁጥር ኳስ ያህል ሲሆን፣ ክብደቱ ግን የወንዶቹ የ7 ቁጥር ኳስ ነው።

የዓለም ዋንጫዎቹን ያነሣው መቼና የት ነው?

የመጀመሪያው በ2012 በአቴንስ ነበር። ይህ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም ፊባ፣ ለአዋቂዎች ያዘጋጀው የመጀመሪያው የሦስት ለሦስት የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ ሰርቢያም የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። በ2014 በሞስኮ ሰርቢያ ለፍጻሜ ደርሳ በኳታር ተሸነፈች። ከዚያ በኋላ ግን በተከታታይ ሦስት ዋንጫዎች መጡ፦ በ2016 በቻይናዋ ጓንግዡ አሜሪካን፣ በ2017 በፈረንሳይዋ ናንት ኔዘርላንድስን፣ በ2018 ደግሞ በፊሊፒንስ እንደገና ኔዘርላንድስን በፍጻሜው በማሸነፍ።

ሦስት ተከታታይ የዓለም ዋንጫ በየትኛውም ስፖርት ከባድ ነው፤ በዚህ ስፖርት ግን ይበልጥ ይከብዳል። ምክንያቱም በ10 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ጥቂት ያልተጠበቁ የሩቅ ውርወራዎች ከገቡ የተሻለው ቡድን ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በ40 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ ስሕተትን ለማረም ጊዜ አለ፤ እዚህ የለም። ሰርቢያዎች ይህን አደጋ እያንዳንዱን ጨዋታ በተመሳሳይ የመከላከል ጽናት በመጫወት አልፈውታል፤ በግሌ ከቡሉት ማራኪ እንቅስቃሴዎች ይልቅ የበለጠ አድናቆት ሊሰጠው የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

ኖቪ ሳድ ከተማ ነው ወይስ ክለብ? አል ዋህዳ የሚለው ስምስ ከየት መጣ?

ሁለቱም ነው። በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ከሚደረገው ዓለም ዋንጫ በተጨማሪ፣ ፊባ ከ2012 ጀምሮ የዓለም ቱር የተሰኘ ዓመታዊ ውድድር ያካሂዳል። በዚህ ውድድር የሚሳተፉት የከተማ ስም የሚይዙ ቡድኖች ናቸው፤ ማስተርስ በሚባሉ ውድድሮች ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ነጥብ ያጠራቅማሉ፤ ምርጦቹም በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ከተማ ተገናኝተው ለዋንጫ ይጫወታሉ። የቡሉት ቡድን የትውልድ ከተማውን ስም ይዞ በ2014፣ በ2015፣ በ2018 እና በ2019 የዓለም ቱሩን አሸንፏል።

አል ዋህዳ በአቡ ዳቢ የሚገኝ የታወቀ የስፖርት ክለብ ነው። ክለቡ ቡድኑን ይደግፍ ስለነበር ቡድኑ ለተወሰኑ ዓመታት «ኖቪ ሳድ አል ዋህዳ» በሚል ስም ተጫውቷል። የ2015ቱ ፍጻሜ የተካሄደውም እዚያው አቡ ዳቢ ነበር፤ በኤምሬትስ የሚኖሩ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ስሙን ቀደም ብለው የሚያውቁትም በዚህ ምክንያት ነው።

አብረውት የተጫወቱት እነማን ናቸው?

ይህ ጥያቄ ከሚጠየቀው በላይ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። የቡሉት ስም ሲነሣ የዴያን ማይስቶሮቪች፣ የማርኮ ሳቪችና የማርኮ ዥዴሮ ስም አብሮ መነሣት ይኖርበታል። እነዚህ አራት ሰዎች ለዓመታት አብረው ተጉዘዋል፤ አብረው ተለማምደዋል፤ አብረው አሸንፈዋል። በ12 ሰከንድ ጨዋታ ውስጥ ለጓደኛ ጮኾ ለመናገር ጊዜ ስለማይኖር፣ አንዱ የሌላውን ተከላካይ መቼ እንደሚረከብ፣ መቼስ ወደ ቅርጫቱ እንደሚሮጥ ሳይነጋገሩ መግባባት ያስፈልጋል፤ ይህ ደግሞ በአንድ ሳምንት የልምምድ ካምፕ የሚገኝ ነገር አይደለም። ትልልቅ አገሮች ስመ ጥር ተጫዋቾችን ለውድድር ዋዜማ አሰባስበው ሲመጡ፣ በእነዚህ አራት ሰዎች መሸነፋቸው ለብዙዎች እንቆቅልሽ ሆኖ የቆየውም ለዚህ ነው።

በተለይ ማይስቶሮቪች ጉልበትን ከሩቅ ውርወራ ጋር ያጣመረ፣ እሱም በዓለም የተጫዋቾች ደረጃ አንደኛ ሆኖ የሚያውቅ ታላቅ ተጫዋች ነው። ተመልካቹ ዓይኑን በቡሉት ላይ በሚተክልበት ጊዜ የግጭቱን ከባድ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እሱ ነበር።

በዓለም ደረጃ አንደኛ ነበር ሲባል ምን ማለት ነው?

ፊባ ለሦስት ለሦስት ተጫዋቾች በግል ደረጃ ይሰጣል። አንድ ተጫዋች በተሳተፈባቸው ውድድሮች ባገኘው ውጤትና በውድድሩ ክብደት መጠን ነጥብ ያገኛል፤ ባለፉት 12 ወራት ካገኛቸው ነጥቦች መካከል ምርጥ ዘጠኙ ተደምረው ደረጃው ይወጣል። አሠራሩ ከቴኒስ ደረጃ ጋር ይቀራረባል። ቡሉት በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ለረጅም ጊዜ በአንደኝነት ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ነጥቡ የሚገኘው በቡድን ውጤት ስለሆነ፣ የአንድ ቡድን ተጫዋቾች በሰንጠረዡ ላይ ተከታትለው መገኘታቸው የተለመደ ነው፤ ደረጃው ማን በግሉ የበለጠ ችሎታ እንዳለው በትክክል የሚለካ ሚዛን ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ይህን ያህል ተወዳጅ ያደረገው ምንድን ነው?

ዋንጫ ብቻውን ተወዳጅ አያደርግም፤ ቡሉትን ሰው ልብ ውስጥ ያስገቡት ነገሮች ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው የአጨዋወቱ ድፍረት ነው። በጣም የታወቀበት እንቅስቃሴ ኳሱን በተከላካዩ እግሮች መሃል አሳልፎ፣ ዞሮ ራሱ መልሶ በመያዝ ወደ ቅርጫቱ መሄድ ወይም ከሩቅ መወርወር ነው። በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ሲደረግ እንኳ ተመልካቹን ከመቀመጫው የሚያስነሣ ድርጊት በእጅ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ በዓለም ዋንጫ መድረክ ላይ፣ ያውም ውጤቱ አጠራጣሪ በሆነበት ሰዓት ሲሞከር ማየት የማይረሳ ነገር ነው። ወደ ቀኝ እያየ ወደ ግራ የሚያቀብላቸው ኳሶች፣ ሚዛኑን የሳተ መስሎ የሚወረውራቸው ውርወራዎችም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው የስፖርቱ ባሕርይ ራሱ ነው። ሦስት ለሦስት በአዳራሽ ውስጥ ብቻ አልተወሰነም፤ ሜዳው በከተማ አደባባይ ላይ ይነጠፋል፤ በናንት የተካሄደው ዓለም ዋንጫ በጥንታዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነበር፤ በፕራግም ማስተርሱ በከተማዋ ዋና አደባባይ ላይ ይካሄድ ነበር። ሙዚቃው በጨዋታው ጊዜ አይቋረጥም፤ መድረክ መሪው ሕዝቡን ያነሣሣል፤ ተመልካቹ ከተጫዋቹ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቆ ይቀመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ከሕዝብ ጋር መነጋገር የሚችል ተጫዋች ያስፈልጋል፤ ቡሉት ደግሞ ካገባ በኋላ ወደ ተመልካቹ ዞሮ እጁን የሚዘረጋ፣ ከተቃራኒ ተጫዋች ጋር በቃል የሚፎካከር፣ በራሱ የሚተማመንና ይህንንም የማይደብቅ ሰው ነው። ይህ ባሕርይ የማይጥማቸው ተመልካቾች አሉ፤ መብታቸው ነው። ነገር ግን እብሪቱን በሥራ ሳያስመሰክር የቀረባቸው ጊዜያት ጥቂት ናቸው።

ሦስተኛው አጫጭር ቪዲዮዎች ናቸው። አንድ ጥቃት ከ12 ሰከንድ የማይበልጥበት ስፖርት ለስልክ ስክሪን የተሠራ ያህል ተስማሚ ነው። የቡሉት እንቅስቃሴዎች በማኅበራዊ መገናኛዎች ተዘዋውረው፣ የሦስት ለሦስት ጨዋታ ሙሉውን አይተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ስሙን እንዲያውቁ አድርገዋል።

በፊሊፒንስ ለምን የተለየ ፍቅር አገኘ?

ፊሊፒንስ ቅርጫት ኳስ ከስፖርቶች ሁሉ በላይ የሚወደድባት አገር ናት፤ በየመንደሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቅርጫት ተሰቅሎ ይገኛል። የ2018ቱ ዓለም ዋንጫ ከማኒላ ወጣ ብላ በምትገኘው ቦካዌ፣ በግዙፉ ፊሊፒን አሬና ሲካሄድ፣ ጨዋታውን በደሙ የሚያውቅ ሕዝብና ለሕዝብ መጫወት የሚወድ ተጫዋች ተገናኙ። ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ90 ብዙም የማይርቅ ሰው ከእሱ የገዘፉትን በዘዴ ሲያልፍ ማየት፣ በቁመት ሳይሆን በብልሃት መጫወትን ለለመደ ሕዝብ ልዩ ደስታ እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም።

ኳስን በተከላካይ እግሮች መሃል ማሳለፍ በደንቡ ይፈቀዳል?

አዎን። ደንቡ የሚከለክለው ሆን ብሎ ኳስን በእግር መምታትን ወይም ማገድን ነው። አጥቂው ኳሱን እንደማንኛውም ጊዜ አንጥሮ በተከላካዩ እግሮች መሃል ካሳለፈና ሰውነቱን ሳይገፋ ዞሮ መልሶ ከያዘ ምንም ጥፋት የለበትም። ይሁን እንጂ ለማድረግ የሚከብደው ተከላካዩ እግሩን የሚከፍትበትን ቅጽበት አስቀድሞ ማወቁ ነው።

በቶኪዮ ኦሊምፒክ ምን ሆነ?

ሦስት ለሦስት በኦሊምፒክ እንዲካተት የተወሰነው በ2017 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር በኮቪድ ምክንያት አንድ ዓመት ዘግይቶ በሐምሌ ወር 2021 በቶኪዮ ተካሄደ። ስምንት የወንዶች ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ አሜሪካ በወንዶች ማጣሪያውን እንኳ አላለፈችም። ሰርቢያ ቡሉትን፣ ማይስቶሮቪችን፣ ሚሃይሎ ቫሲችንና አሌክሳንዳር ራትኮቭን አሰልፋ ቀረበች፤ ወርቁንም እንደምትወስድ ያልጠበቀ አልነበረም።

በምድቡ ሰባቱንም ጨዋታዎች አሸነፈች። በግማሽ ፍጻሜው ግን በምድቡ ያሸነፈችው የሩሲያ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ቡድን 21 ለ 10 በሆነ ሰፊ ልዩነት አሸነፋት። ቀደም ሲል የተነሣው የዚህ ስፖርት ጭካኔ ይኸው ነው፤ ለዓመታት የተገነባ የበላይነት በአንድ መጥፎ 10 ደቂቃ ውስጥ ዋጋ ያጣል። በዚያው ቀን ለነሐስ በተደረገው ጨዋታ ሰርቢያ ቤልጂየምን በተመሳሳይ 21 ለ 10 አሸንፋ ሦስተኛ ሆነች። ወርቁን ላትቪያ ወሰደች።

ቡሉት በዚያን ጊዜ 35 ዓመቱ ነበር። ስፖርቱን ወደ ኦሊምፒክ ደረጃ ካደረሱት ሰዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ ኦሊምፒኩ የደረሰው የጉልበቱ ዘመን ወደ ማብቂያው በተቃረበበት ወቅት፣ ያውም ሕዝብ በሌለበት ባዶ መቀመጫ ፊት ነበር። ለሕዝብ ለሚጫወት ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከግማሽ ፍጻሜ ሽንፈት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ተነሥቶ እንደዚያ አሳማኝ በሆነ ውጤት ሜዳሊያ መውሰድ ግን ከወርቅ የሚያንስ ክብር ቢኖረውም፣ ከዓለም ዋንጫዎቹ ጎን ሳያፍር የሚቆም ድል ነው።

በኤንቢኤ ተጫውቶ ያውቃል?

አልተጫወተም፤ በአውሮፓ ክለቦች ዋና ውድድር በዩሮሊግም ስሙ አይታወቅም። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ያነሡታል፤ ሚዛኑ ግን ትክክል አይደለም። የመቶ ሜትር ሯጭ ማራቶን አልሮጠም ተብሎ አይነቀፍም። ሦስት ለሦስት የተለየ ፍጥነት፣ የተለየ ትንፋሽና የተለየ ውሳኔ አሰጣጥ የሚጠይቅ ጨዋታ ነው፤ ቡሉትም የተለካው በዚሁ ሜዳ ላይ ነው።

ወደ አሜሪካ የሄደው በሌላ መንገድ ነው። ራፐሩ አይስ ኪዩብና አጋሩ ጄፍ ክዋቲኔትስ በ2017 የመሠረቱት ቢግ ስሪ የተሰኘ የሦስት ለሦስት ፕሮፌሽናል ሊግ አለ፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ቀድሞ በኤንቢኤ የተጫወቱ ናቸው። ቡሉት ከ2021 ጀምሮ በዚህ ሊግ ኤሊየንስ በተባለው ቡድን ተሰልፏል። ደንቡ ከፊባ የተለየ ነው፤ ጨዋታው የሚያበቃው 50 ነጥብ ላይ ሲሆን፣ ከቅስቱ ርቀው በተመረጡ ክቦች ውስጥ ሆኖ የሚወረወር ኳስ 4 ነጥብ ያስገኛል። በኤንቢኤ ስማቸው የሚታወቅ ሰዎች ባሉበት ሜዳ ላይ በሦስት ለሦስት ብቻ ታዋቂ የሆነ አውሮፓዊ መጋበዙ ራሱ፣ ስፖርቱ ምን ያህል እንደተጓዘ ያሳያል።

ሰርቢያ በዚህ ስፖርት ለምን ጠነከረች?

የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የቅርጫት ኳስ ትምህርት ጥልቅ ሥር አለው፤ ልጆች ከቁመታቸው ይልቅ በኳስ አያያዝ፣ በማቀበልና ሜዳን በማንበብ እንዲመዘኑ ያደርጋል። ከዚህ ጋር በመኖሪያ ሕንፃዎች መካከል ያሉት ክፍት ሜዳዎች አሉ፤ ወጣቶች ከትምህርት ቤት በኋላ ሦስት ለሦስት የሚጋጠሙባቸው። ሰርቢያ በ2010 በሲንጋፖር በተካሄደው የመጀመሪያው የወጣቶች ኦሊምፒክ በወንዶች ሦስት ለሦስት ወርቅ ወስዳለች፤ ስለዚህ ነገሩ በአንድ ትውልድ የጀመረ አይደለም። በዓለም ቱርም ኖቪ ሳድ ብቻውን አልነበረም፤ ከቤልግሬድ ዜሙን፣ ከዚያው ከኖቪ ሳድ ደግሞ ሊማን የተባሉ ቡድኖች ተፎካካሪ ነበሩ። በአገር ውስጥ እንዲህ ያለ ፉክክር ያለበት ብሔራዊ ቡድን ወደ ውጭ ሲወጣ የሚያስፈራው ነገር አይኖርም።

ከእሱ በኋላ ሰርቢያ ምን ሆነች?

ማይስቶሮቪችና ቫሲች ከማርኮ ብራንኮቪችና ከስትራሂኛ ስቶያቺች ጋር ሆነው በ2022 በአንትወርፕ፣ በ2023 ደግሞ በቪየና የዓለም ዋንጫውን አንሥተዋል። በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ ግን ሜዳሊያ ሳያገኙ ቀሩ፤ ወርቁን ኔዘርላንድስ አዘጋጇን ፈረንሳይን በፍጻሜው አሸንፋ ወሰደች። የኦሊምፒክ ወርቅ ለሰርቢያ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ያልተገኘ ነገር ነው።

ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ከየት ይጀምር?

ፊባ አብዛኞቹን የሦስት ለሦስት ጨዋታዎች በዩቲዩብ ላይ በነፃ ያስቀምጣል። ከድንቅ እንቅስቃሴዎች ስብስብ ይልቅ በአንድ ሙሉ ጨዋታ መጀመር ይሻላል፤ ስብስቡ ቡሉት ያገባውን ብቻ ያሳያል፤ ሙሉው ጨዋታ ግን ኳስ ሳይዝ የት እንደሚቆም፣ ተከላካዩን እንዴት አድርጎ እንደሚያደክመውና ለጓደኞቹ ቦታ እንደሚከፍት ያሳያል። የ2018ቱ የፊሊፒንስ ፍጻሜ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሰርቢያና ኔዘርላንድስ በደንብ ይተዋወቁ ስለነበር ለማታለል ቀላል አልነበሩም። በመጀመሪያው ዙር ኳሱን ብቻ ይከተሉ፤ በሁለተኛው ዙር ቡሉትን ትተው ማይስቶሮቪችን ብቻ ይመልከቱ። ጨዋታው 10 ደቂቃ ስለሆነ ሁለቱንም ዙር በአንድ ጊዜ ቁጭ ብሎ መጨረስ ይቻላል።